መኪናችሁ ምን ይደብቅባችኋል?

መንዳት አስተምራለሁ። የእኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ሞተር አያስነሳም። ሹፌር ወንበር ላይ አስቀምጠውና እኔ ውጭ ሆኜ መኪናውን እዞራለሁ። "አሁን ታየኛለህ?" እላለሁ። "አዎ።" ሁለት እርምጃ እሄዳለሁ። "አሁንስ?" "አይ፣ ጠፉብኝ።" ከኮፈኑ ፊት ቁጢጥ እላለሁ። ድምፄን ይሰማል እንጂ እኔን አያየኝም።

ማርሽ ለመንካት ጓጉቶ የመጣ ሰው ይሄ ይሰለቸዋል። አንዳንዱ እንዲያውም ሰዓት የምገድል ይመስለዋል። ይምሰለው። ፍሪሲዮን መልቀቅ በልምምድ ይመጣል። ማየት ግን ካልተማሩት አይመጣም፤ ምክንያቱም ያላየነውን ነገር እንዳላየነው አናውቅም። መኪናው የሸፈነውን ቦታ አእምሯችን "ባዶ ነው" ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ይሄ መመሪያ ከቆመ መኪና ይጀምራል። ሜዳ ቦታ፣ የጠፋ ሞተር፣ የተያዘ የእጅ ፍሬንና አንድ ረዳት ያስፈልጋችኋል። የምጽፈው መሪው በግራ ላለ መኪና ነው። መሪያችሁ በቀኝ ከሆነ ግራና ቀኙን ገልብጡት።

መስታወትና ወንበር

መስታወት ላይ ብዙ አልቆይም። የፊቱን መስታወት ከውጭ ማጠብ ማንም አይረሳም፤ ከውስጥ ግን ይረሳል። ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ የሚወጣው ትነት፣ አቧራውና ትንፋሻችን ተደምሮ ስስ ቅባት ይሠራል። በደህናው ጊዜ አይታወቅም። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ወይም ማታ የሌላ መኪና መብራት ሲያርፍበት ግን መስታወቱ በሙሉ ይነጣል። በሁለት ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ አንዱ እርጥብ፣ ሌላው ደረቅ። ውስጡን ወደ ጎን፣ ውጭውን ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። መስመር ከቀረ በየትኛው ገጽ እንደቀረ ወዲያው ትለያላችሁ። የዝናብ መጥረጊያው ሲጥ ሲጥ ካለ ወይም መስመር ከተወ መጀመሪያ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ አጽዱት። ካልተሻለው ቀይሩት።

ዳሽቦርድ ላይ ወረቀት አታስቀምጡ። ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል፣ በዚያ በኩል የምታዩት መንገድ ይደበዝዛል። ከመሃል ስፖኪዮ ላይ የተንጠለጠለውንም ጌጥ አውርዱት። በዚህ ነገር ከተማሪዎቼ ጋር ሁሌም እንከራከራለን። "ትንሽ እኮ ነው" ይሉኛል። ለዓይን የቀረበ ትንሽ ነገር ሩቅ ያለን ትልቅ ነገር ይሸፍናል። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አውራ ጣታችሁን ወደ ፊት ዘርጉና ከጀርባው ስንት ነገር እንደጠፋ እዩ።

ቀጥሎ ወንበር። ጀርባችሁን ሙሉ በሙሉ አስደግፉ። ክንዳችሁን ስትዘረጉ የእጃችሁ አንጓ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ፍሪሲዮኑን ወይም ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ ይቅር። ከፍታውን ደግሞ ዓይናችሁ የፊት መስታወቱ ቁመት መሃል አካባቢ እስኪሆን አስተካክሉ። ራሳችሁና ጣሪያው መካከል መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። አጭር የሆኑ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዝቅ ብለው በመሪው ቀዳዳ በኩል ነው የሚያዩት። ወንበሩ ከፍ የማይል ከሆነ የማይንሸራተት ጠንካራ ትራስ አድርጉበት፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የራስ መደገፊያው ጫፍ ከራሳችሁ አናት ጋር ይስተካከል።

ወንበር ከስፖኪዮ ይቀድማል። ስፖኪዮ አስተካክሎ ወንበር የሚያነቃንቅ ሰው ሁለቱንም እንደገና ይሠራቸዋል። መኪናችሁን ሌላ ሰው ነድቶት ከመለሰም እንዲሁ፣ ከወንበሩ ጀምሩ።

ስፖኪዮ፦ የራሳችሁን መኪና ማየት ምን ያደርግላችኋል?

እ.ኤ.አ. በ1911 ሬይ ሃሩን የመጀመሪያውን የአሜሪካ የኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ሲያሸንፍ መኪናው ላይ የኋላ ማሳያ መስታወት ነበረው። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ከኋላ የሚመጣውን የሚነግራቸው መካኒክ ጎናቸው አስቀምጠው ነበር። እሱ ብቻውን ስለነበር መስታወት ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተለወጠ፤ አብዛኛው ሹፌር ግን ዛሬም የጎን ስፖኪዮውን ግማሹን የራሱን በር ለማየት ያውለዋል። በሩ የትም አይሄድባችሁም። ማየት ያለባችሁ ከጎኑ ያለውን ነው።

የመሃሉን ስፖኪዮ የኋላ መስታወቱ ሙሉ በሙሉ እንዲታይበት አድርጉ፤ ራሳችሁን ሳታዘነብሉ። ወደ ጎኖቹ ስትመጡ ይሄን አድርጉ። ራሳችሁን ወደ ግራ አዘንብላችሁ የበሩን መስታወት አስነኩት። እንደዚያ ሆናችሁ የግራውን ስፖኪዮ ወደ ውጭ ግፉት፤ የመኪናችሁ ጎን ጫፉ ብቻ በጭላንጭል ሲታይ አቁሙ። ከዚያ ወደ መኪናው መሃል፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አዘንብሉና የቀኙን በዚሁ መንገድ አስተካክሉ። ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ የራሳችሁን መኪና ጎን አታዩትም። ይሄ ዘዴ የጆርጅ ፕላትዘር ነው። መሐንዲስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ለአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ የማይታየው ቦታ ከየት እንደሚመጣ በጂኦሜትሪ አስረድቷል። ዋናው ነጥቡ ቀላል ነው፦ በተለመደው አቀማመጥ ሦስቱ ስፖኪዮዎች ያንኑ አንድ ቦታ ደጋግመው ያሳያሉ፣ ጎናችሁ ያለው ቦታ ደግሞ ለማንም ሳይደርስ ይቀራል።

መጀመሪያ ያስፈራል። "ራሴን ካላየሁ እንዴት እለካለሁ?" የሚል ተማሪ አይጠፋም። መኪና አቁማችሁ ሞክሩት። ሌሎች መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር፣ በተፈቀደ ቦታ ቁሙ። ከኋላ የሚመጣውን አንድ መኪና በዓይን ተከተሉት። ከመሃሉ ስፖኪዮ ሳይወጣ በግራው ላይ መታየት መጀመር አለበት። ከግራው ሳይጠፋ ደግሞ በበራችሁ መስታወት በኩል በዓይናችሁ ጠርዝ ሊታያችሁ ይገባል። በመካከል የሚጠፋበት ቅጽበት ካለ ስፖኪዮውን ጥቂት ነካ አድርጉት።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። የኋላ መስታወት የሌለው ቫን ወይም ጭነት የከለለው መኪና ከሆነ ይሄ አቀማመጥ አይሆንም፤ የመሃሉ ስፖኪዮ ስለማይሠራ ከጎኖቹ ላይ የመኪናችሁን ጫፍ ትንሽ ማየት አለባችሁ። ሌላው፣ በብዙ መኪኖች የቀኙ ስፖኪዮ ጎበጥ ያለ ነው። ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ግን ነገሩን ሁሉ አሳንሶና አርቆ ነው። በቀኙ ያያችሁትን መኪና ርቀት በመሃሉ አረጋግጡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም መስመር ከመቀየራችሁ በፊት በትከሻችሁ በኩል ዞር ብላችሁ እዩ። መኪና ትልቅ ነው፣ ስፖኪዮ ላይ የሆነ ክፍሉ ይታያል። ሞተር ሳይክልና ብስክሌት ግን በትንሽ ክፍተት ውስጥ ይጠፋሉ። ፍሬቻ ማብራት የማየት ምትክ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ትከሻ፣ ከዚያ መሪ ነው።

ከመስታወቱ ዳር ያለው ቋሚ ብረት

ለኔ የትምህርቱ ትልቁ ክፍል ይሄ ነው። የፊት መስታወቱን ከበሩ የሚለየውን፣ ጣሪያውን የሚሸከመውን ቋሚ ብረት እዩት። በድሮ መኪና ቀጭን ነበር። በአዲሶቹ ይወፍራል፤ መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይደረመስ። ብዙ ጊዜ የጎን ኤርባግ የተጣጠፈ ክፍልም በውስጡ አለ። ስለዚህ አንወቅሰውም። ግን ስንት እንደሚሸፍን እንወቅ።

ሒሳቡ ይሄ ነው። ቋሚው 10 ሴንቲሜትር ቢሰፋና ከዓይናችሁ 70 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ 20 ሜትር ርቀት ላይ ከአንድ ዓይን ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይከልላል። ሁለት ዓይን ስላለን የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል፤ ሁለቱም የማያዩት ወደ 1 ሜትር ገደማ ይወርዳል። 1 ሜትር ምን ይይዛል? እግረኛ ይይዛል። ወደ እናንተ ፊቱን አዙሮ የሚመጣ ሞተረኛ ይይዛል። ከበሩ ጋር ተያይዞ የቆመው የጎን ስፖኪዮ ሲጨመርበት ደግሞ የሚከለለው ቦታ ይሰፋል።

የከፋው ነገር ሌላ ነው። እናንተ ወደ መስቀለኛ መንገድ በማይለዋወጥ ፍጥነት እየሄዳችሁ ነው እንበል። ከጎን በሚመጣው መንገድ ደግሞ ሞተረኛ እሱም በማይለዋወጥ ፍጥነት ይመጣል። ሁለታችሁም መገናኛው ላይ በአንድ ጊዜ የምትደርሱ ከሆነ፣ እሱን የምታዩበት አቅጣጫ አይለወጥም። ርቀቱ ይቀንሳል፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከቋሚው ጀርባ ከነበረ እስከ መጨረሻው እዚያው ይቆያል። "ከየት መጣ ሳልለው" የሚባለው ግጭት አንዱ መንገዱ ይሄ ነው። መርከበኞች ይሄን ጠንቅቀው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ፣ የሚቀርብ መርከብ በኮምፓስ የሚታይበት አቅጣጫ ጉልህ ለውጥ ካላሳየ የግጭት ስጋት እንዳለ ቁጠሩት ይላል።

መፍትሔው አንገት ነው። ወደ መስቀለኛ ወይም አደባባይ ስትቀርቡ ራሳችሁን ወደ ፊትና ወደ ጎን አነቃንቁ። ዓይን ብቻ ማዞር ጥቅም የለውም፤ ከቦታው ስላልተነቃነቀ ቋሚው ያንኑ ይሸፍናል። ከጀርባ መደገፊያው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት ስትሉ የተደበቀው ይወጣል። ተማሪዎቼን "ጎረቤት የሚሰልል ሰው ሁኑ" እላቸዋለሁ። በተለይ ወደ ግራ ስትታጠፉ ተጠንቀቁ፤ የግራው ቋሚ በዜብራው ላይ ከሚራመደው እግረኛ ጋር አብሮ ይጓዛል።

ልምምዱን ከረዳታችሁ ጋር አድርጉት። ከመኪናው 10 ሜትር ያህል ርቆ ከቀኝ ወደ ግራ በዝግታ ይራመድ። ሲጠፋባችሁ "ቁም" በሉት። እዚያው እንዳለ ራሳችሁን አነቃንቁና ሲገለጥ እዩ። ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ። ረዳታችሁ የግድ ይገረማል።

ዓይንም ያታልላል

መኪናው ብቻ አይደለም የሚደብቀው። ዓይናችን አጥርቶ የሚያየው ክንድ ሲዘረጋ አውራ ጣት የምትሸፍነውን ያህል፣ ወደ 2 ዲግሪ የምትጠጋ ትንሽ ቦታ ነው። ሌላው ድብዝዝ ነው። ዓይን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው ሲዘል ደግሞ በዝላዩ ቅጽበት አእምሮ ምስሉን ይቆርጠዋል። አንገቱን ቀኝና ግራ እንደ ማራገቢያ የሚያወዛውዝ ሹፌር አየሁ ይላል እንጂ ያየው የቆመበትን ጫፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስታዩ ዓይናችሁ ይቁም። ወደ ግራ ስትመለከቱ ዓይናችሁን ሦስት ቦታ አሳርፉ፦ ሩቅ፣ መካከለኛ፣ ቅርብ። ወደ ቀኝም እንዲሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ግራውን ድገሙት። ሞተረኛ ስታዩ ደግሞ "ሞተር" ብላችሁ በአፋችሁ ጥሩት። ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። ግን ድምፅ ያወጣንለት ነገር ቀኝ አይተን እስክንመለስ ከአእምሯችን አይጠፋም። ሞተር ቀጭን ስለሆነ ሲቀርብም ቶሎ አይተልቅም፣ ፍጥነቱም ከመኪና ይልቅ ለመገመት ይከብዳል። "ይደርሳል" እና "አይደርስም" መካከል ከተጠራጠራችሁ አሳልፉት።

ስልክ ላይ የማወራው አጭር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። መልእክት ለማየት 2 ሴኮንድ ዝቅ ብትሉ 33 ሜትር ጨፍናችሁ ነዳችሁ ማለት ነው። ከዓይን እንዳይደርስ ኪስ ወይም ሳጥን ውስጥ አስገቡት።

ከኮፈኑ ፊትና ከኋላ

አሁን ሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ረዳታችሁ የጉልበት ቁመት ያለው ካርቶን ከመኪናው አፍንጫ ፊት ያስቀምጥ። ከዚያ ትንሽ ትንሽ እያራቀ ይሂድ። የካርቶኑ አናት ሲታያችሁ ያቁም። ወርዳችሁ በእርምጃ ለኩት። ረጅም ፒክአፕ ወይም ትልቅ ኤስዩቪ የሚነዳ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። ያ መሬት በሙሉ እናንተ የማታዩት መሬት ነው። ከኋላም ድገሙት፤ በኋላ መስታወት ብቻ ስታዩ ርቀቱ ብዙ ጊዜ ይብሳል።

ስለዚህ ከቆመበት የምታንቀሳቅሱትን መኪና አንዴ ዙሩት። ልጆች ባሉበት ግቢ ከሆነ ዙሩና ልጆቹ የት እንዳሉ በዓይናችሁ አይታችሁ ግቡ። "ቤት ውስጥ ናቸው" የሚል ግምት አይበቃም።

የኋላ ካሜራ ጥሩ ነገር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ በአዳዲስ ቀላል መኪኖች ላይ ግዴታ ያደረገችው በዋናነት ወደ ኋላ በሚሄዱ መኪኖች የሚገጩ ሕፃናትን ለማዳን ነው። ግን ሌንሱ ጭቃ ሲነካው አያሳይም፣ ከጎን እየሮጠ የሚመጣውንም ዘግይቶ ነው የሚያሳየው። እኔ ካሜራን በሦስተኛ ደረጃ ነው የማስቀምጠው፤ መጀመሪያ መዞር፣ ቀጥሎ አንገትና ስፖኪዮ። ጢት ጢት የሚለውን ሴንሰር ደግሞ ጭራሽ አልወደውም። ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ሁሉ ደህና ነው ብሎ የሚያስብ ሹፌር ያፈራል።

ትልቅ ጎረቤት

ከጭነት መኪና ጎን ስትሆኑ የሚሠራው አንድ ደንብ ነው፦ የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላያችሁ እሱም አያያችሁም። ከጋቢናው በታች በቀኝ በኩል፣ ልክ ከአፍንጫው ፊት፣ እና ከተሳቢው ጀርባ አትቆዩ። የምትቀድሙ ከሆነ ቀድማችሁ ውጡ፤ ካልሆነ ወደ ኋላ ቅሩ። ጎኑ ላይ ተለጥፎ መሄድ የለም። ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው ሰፋ ብሎ ሲወጣ "ቦታ ለቀቀልኝ" ብላችሁ በከፈተው በኩል እንዳትገቡ። ለንደን የከባድ ጭነት መኪኖችን ሹፌሩ ከጋቢናው ሆኖ በቀጥታ በሚያየው መጠን ከ0 እስከ 5 ኮከብ ትመድባለች። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ከ3 ኮከብ በታች የሆነው ተጨማሪ የደህንነት መሣሪያ ካልገጠመ በከተማዋ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ አያገኝም።

ማታ፣ ፀሐይና ጉም

አጭር መብራት መንገዱን በደንብ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሜትር ድረስ ነው። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና በደረቅ መንገድ ለመቆም 53 ሜትር ያስፈልገዋል ይላል። በእርጥብ መንገድ ቢያንስ እጥፍ ነው። ሁለቱን አነጻጽሩ። ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ ደግሞ መብራቱ ካረፈበትም በኋላ ዘግይቶ ነው የሚለየው። በአጭር መብራት ፍጥነታችሁን ቀንሱ፤ መንገዱ ባዶ ሲሆን ረጅሙን ተጠቀሙ፣ ከፊት ሰው ሲመጣ መልሱት።

የሚመጣው ሰው ረጅሙን ካልመለሰላችሁ አትፋለሙት። ዓይናችሁን ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ ጣሉና ጠርዙን እየተከተላችሁ ቀስ በሉ። ከኋላ የሚያበራባችሁ ከሆነ በብዙ መኪኖች ከመሃሉ ስፖኪዮ ሥር ትንሽ ማንሻ አለች፤ ገልብጧት፣ መብራቱ ይደክማል። የዳሽቦርዱንም ብርሃን ዝቅ አድርጉ። ቢጫውን "የማታ መንጃ" መነጽር አትግዙ። የሚያልፈውን ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ፀሐይ ፊታችሁ ስትሆን የመኪናውን ፀሐይ መከላከያ እንደምታወርዱ ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው የማያስበው ተቃራኒውን ነው። ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና የመኪናችሁ ጥላ ረዝሞ ፊታችሁ ከወደቀ፣ ለእናንተ መንገዱ ጥርት ብሎ ይታያል። ፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ግን ምንም አያይም። መብራታችሁን አብሩ፤ ወደ ግራ ታጥፎ መንገዳችሁን ሊያቋርጥ የቆመ መኪና ካለም እንዳላያችሁ ቁጠሩት። በጉም ደግሞ ረጅም መብራት ጠብታዎቹ ላይ ነጥሮ ወደ ዓይናችሁ ስለሚመለስ አጭሩን ብቻ አብሩ።

አቁማችሁ ስትወርዱ

ሞተር ከጠፋ በኋላም አንድ የማየት ሥራ ይቀራል። የግራ በራችሁን በግራ እጃችሁ አትክፈቱ፤ በቀኝ እጃችሁ ክፈቱት። ቀኝ እጅ ወደ በሩ ሲሄድ ትከሻችሁ ይዞራል፣ ዓይናችሁም ሳታስቡት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላ የሚመጣውን ብስክሌተኛ የምታዩት ያኔ ነው። መጀመሪያ ስፖኪዮውን እዩ፣ በሩን በጭላንጭል ክፈቱ፣ ደግማችሁ እዩና ውረዱ። በግራ በኩል ከኋላ የተቀመጠ ሰው ካለም ያንኑ አሳዩት። ልጆችን ግን ሁልጊዜ በእግረኛ መንገዱ በኩል ባለው በር አውርዱ፤ መኪና በሚያልፍበት በኩል ያለውን በር ደግሞ በልጆች መቆለፊያው ዝጉት።